የበግና የፍየል መንጋጭላን በነጥብ ማወዳደር፦ ከቄራ እስከ ትንተና

ደሴ ውስጥ በግና ፍየል ሲያርድ የኖረ ሰው ቆዳው የተገፈፈ ጭንቅላት ቢያሳዩት የቱ የበግ፣ የቱ የፍየል እንደሆነ በአንድ ዕይታ ይነግራችኋል። በምን እንደለየው ቢጠየቅ ግን «መልኩ ነዋ!» ከማለት አያልፍም። ይህ መመሪያ ያንን «መልክ» ወደ ቁጥር ስለመለወጥ ነው። ዘዴው ጂኦሜትሪክ ሞርፎሜትሪክስ ይባላል። በአጥንቱ ላይ ተመሳሳይ የሆኑ ነጥቦችን (ላንድማርኮችን) መርጦ፣ የነጥቦቹን አቀማመጥ በኮምፒዩተር መዝግቦ፣ ቅርጽን ከቅርጽ ያወዳድራል።

ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል፤ ስሌቱንም እሱ ይሠራዋል። ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ አጥንቱ ሲመረጥ፣ ሲቀቀል፣ ፎቶ ሲነሣ። ስለዚህ እዚህ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው እሱ ነው።

ስሌቱ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ርዝመትና ስፋት በካሊፐር ለክቶ ማካፈል የቆየ ዘዴ ነው፤ ጉድለቱም የታወቀ ነው። ርዝመታቸውና ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት አጥንቶች ቅርጻቸው ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል። እንቁላልና ሎሚ አስቡ። ነጥብ ግን የቱ ጋ እንደተለያዩ ይይዛል።

ነጥቦቹ ከተመዘገቡ በኋላ ፕሮክረስተስ የሚባለው ስሌት ሦስት ነገር ያደርጋል። ሁሉንም አጥንቶች ወደ አንድ ማዕከል ያመጣል፣ መጠናቸውን እኩል ያደርጋል፣ ከዚያም እርስ በርስ እስኪጋጠሙ ያዞራቸዋል። ስሙ የተወሰደው በግሪክ ተረት ከሚነገረው ሽፍታ ነው፤ እንግዳውን በአልጋው ልክ ይስበው ወይም ይቆርጠው ነበር ይባላል። የእኛው ስሌት ከሽፍታው ይሻላል፤ መጠን እንጂ ቅርጽ አይነካም።

መጠን የሚለካው ሴንትሮይድ ሳይዝ በሚባለው ነው። በትንሽ ምሳሌ እንየው። ሦስት ነጥቦች አሉ እንበል፦ (0፣0)፣ (6፣0) እና (0፣3)። ማዕከላቸው የአማካዩ ነጥብ ነው፦ (2፣1)። ከማዕከሉ እስከ እያንዳንዱ ነጥብ ያለው ርቀት ካሬ 5፣ 17 እና 8 ይሆናል፤ ድምሩ 30። የ30 ካሬ ሩት 5.48 ነው፤ ሴንትሮይድ ሳይዙ ይሄው ነው። ሦስት ማዕዘኑን እጥፍ ብታሳድጉት 10.95 ይመጣል። ሁለቱን በየራሳቸው ቁጥር ስታካፍሉ ግን አንድ ይሆናሉ። ግልገልና አውራ በግን የምናወዳድረው በዚህ ነው፤ መጠኑ ለብቻው ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ አይጠፋም።

ለምን የታችኛው መንጋጭላ?

ሙሉ የራስ ቅል ሦስት ልኬት ያለው ነው፤ በፎቶ ሲነሣ ግማሽ ታሪኩ ይጠፋል። የታችኛው መንጋጭላ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ ከጎኑ በተነሣ ፎቶ ብዙ አይጎድልበትም። በበግና በፍየል ደግሞ ቀኝና ግራው አገጩ ላይ በአጥንት ስለማይጣበቅ ሲቀቀል በቀላሉ ለሁለት ይለያል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አጥንት አናውቅም። ሁልጊዜ ግራውን ውሰዱ። ግራው ከተሰበረ ቀኙን አንሥታችሁ ፎቶውን ገልብጡት፤ መገልበጡንም በመዝገቡ ላይ ጻፉ።

ናሙና፦ ጉዳዩ የሚያልቀው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ከፍታቸው ግን በ600 ሜትር ያህል ይለያያል። ደሴ የሚታረደው በግ ብዙውን ጊዜ ከደጋው፣ ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ፣ ከኩታበር በኩል ይመጣል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከባቲና ከአፋር በኩል የሚመጣ የቆላ ፍየል በርካታ ነው። አሁን አንድ ተማሪ ቀላሉን መንገድ መርጦ 40 የበግ መንጋጭላ ከደሴ፣ 40 የፍየል ደግሞ ከኮምቦልቻ ቢሰበስብ ምን ይሆናል? ስሌቱ ልዩነት ያገኛል፤ ልዩነቱ ግን የበግና የፍየል ይሁን የደጋና የቆላ፣ የሣርና የቁጥቋጦ፣ ማንም ሊለየው አይችልም። ሁለቱ ምክንያቶች እንደ ሰርገኛ ጤፍ ተደባልቀዋል፤ ምንም ዓይነት ስታቲስቲክስ መልሶ አይለቅማቸውም።

መፍትሔው ከሁለቱም ቦታ ሁለቱንም መሰብሰብ ነው። የምንመክረው ዕቅድ ይህ ነው፦ ሁለት ዝርያ፣ ሁለት መነሻ (ደጋና ቆላ)፣ ሁለት ጾታ፣ ከእያንዳንዱ 10፤ በድምሩ 80 መንጋጭላ። መነሻ ስንል ያደገበትን እንጂ የታረደበትን አይደለም። ባቲ የሰኞ ገበያ ተገዝቶ ደሴ የታረደ ፍየል ቆላ ነው። ሻጩን ወይም ነጋዴውን በዕለቱ ካልጠየቃችሁ በኋላ የሚነግራችሁ አይገኝም።

ጾታም ከመንጋጭላው በዓይን አይታወቅም፤ ከእርድ በፊት መመዝገብ አለበት። ሙክቱን ከወንዱ ጋር አትቀላቅሉ። የተኮላሸ እንስሳ አጥንቱ የሚያድግበት መንገድ ካልተኮላሸው ስለሚለይ ለብቻው ይመዝገብ፣ ቁጥሩም ትንሽ ከሆነ ከትንተናው ይውጣ። ሴቶቹን ማግኘት የበለጠ ያስቸግራል። ሴቷ ለመውለድ ስለምትቀመጥ ወደ ቢላዋ የምትቀርበው ብዙ ጊዜ አርጅታ ነው፤ ያረጀ መንጋጭላ ደግሞ ጥርሱ ወልቆ ጉድጓዱ የተደፈነ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን አትውሰዱ።

ዕድሜ ከሁሉ በላይ ያሳስታል። የአረፋ ማግስትና የፋሲካ ማግስት አጥንት እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ ነው፤ ግን ከሚታረደው ብዙው ገና ለጋ ነው። «ደርሷል» የምንለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ሙሉ በሙሉ ከአጥንቱ በላይ ሲወጣ ነው፤ ይህም ሁለት ዓመት አካባቢ ነው። ማረጋገጫው እነሆ፦ ከፊት ወደ ኋላ ስድስት መንጋጋ ጥርሶችን ቁጠሩ። ሦስተኛው ባለ ሦስት ክፍል ከሆነ የወተት ጥርስ ነው፤ እንስሳው አልደረሰም። የመጨረሻው፣ ስድስተኛውም፣ ባለ ሦስት ክፍል ነው፤ እሱ ግን ቋሚ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ሳይቆጥር ባለ ሦስት ክፍል ጥርስ አይቶ ሲፈርድ ነው። ከመጣል ስለማይቀር ከምትፈልጉት ቁጥር እጥፍ ለመሰብሰብ አቅዱ።

የበግና የፍየል ጭንቅላት ከተገፈፈ በኋላ ሊምታታ ስለሚችል ዝርያውን ከመገፈፉ በፊት መዝግቡ። ካመለጣችሁ ከዓይን ፊት ለፊት ያለውን አጥንት ዳስሱ። በግ እዚያ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ ፍየል የለውም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ታሞ ወይም በራሱ የሞተ እንስሳ ጭንቅላት ፈጽሞ አትንኩ፤ አባ ሰንጋ በአጥንትና በደም ይተላለፋል። ጤነኛውንም ቢሆን በጓንት ያዙ፤ ብሩሴሎሲስ ከበግና ከፍየል ወደ ሰው ይተላለፋልና። ሁለተኛ፣ አራጁ ጭንቅላቱን በመጥረቢያ እንዳይፈልጠው አስቀድማችሁ ንገሩት። ሲፈለጥ መጀመሪያ የሚሰበረው ቀጭኑ የላይኛው ቀንድ መሰል ጫፍ ነው፤ እሱም ከነጥቦቻችን አንዱ ነው።

አጥንቱን ማጽዳት

ሥጋውን በቢላዋ አንሡ፣ ነገር ግን አጥንቱን አትፋቁ፤ የቢላዋ ጭረት በፎቶ ላይ ከተፈጥሮ መስመር ጋር ይመሳሰላል። ከዚያ በድስት ቀቅሉ። ውሃው ይንተክተክ እንጂ አይንፈቅፈቅ፤ ኃይለኛ ፍላት ጥርሱን ያላቅቃል፣ ቀጭኑን አጥንት ይሰነጥቃል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ገደማ ነው። ስለዚህ ቆላ አገር የተጻፈ የማብሰያ ሰዓት ለደሴ አይበቃም። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት አስቡ፤ ጅማቱ በጣት ሲላቀቅ በቅቷል። ድስቱ ውስጥ ብዙ መንጋጭላ ካለ እያንዳንዱን ከቁጥሩ ጋር በተለያየ የወንፊት ጨርቅ ከረጢት እሰሩ። ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይሟሟል።

ምድጃ ላይ መጣድ ካልፈለጋችሁ በተከደነ ባልዲ ውሃ ውስጥ ለሁለትና ሦስት ሳምንት መዘፍዘፍ ይቻላል። ለአጥንቱ ይሻለዋል፣ ለጎረቤት ግን አይሻልም። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ቶሎ ያልቃል፤ ደሴ ይጓተታል።

ቅባቱን ለማውጣት በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አንድ ሁለት ቀን ዘፍዝፉ። ለማንጣት ከፋርማሲ የሚገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ለአንድ ቀን ይበቃል። በረኪና አትጠቀሙ። ያነጣል፣ ነገር ግን አጥንቱን ውስጡን ይበላዋል፤ ከወራት በኋላ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ማድረቂያው ጥላ ነው፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ አጥንት ይሰነጠቃል። በደሴ ጉም ወቅት መድረቁ ከሳምንት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ እርጥብ አጥንት ፎቶ አታንሡ።

የፊት ጥርሶቹ ሲቀቀሉ ይወልቃሉ። አትደንግጡ፤ ነጥቦቻችን ጥርሱ ላይ ሳይሆን ጥርሱ በተተከለበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ናቸው። ይህ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው።

ፎቶ

ዋናው ጠላት ቅርበት ነው። ካሜራው ከጠረጴዛው 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆንና ከአጥንቱ አንዱ ክፍል በ2 ሴንቲ ሜትር ወደ ካሜራው ቢቀርብ፣ ያ ክፍል 50 ሲካፈል ለ48፣ ማለትም 4 በመቶ ያህል ተልቆ ይታያል። ካሜራውን ወደ 150 ሴንቲ ሜትር ብታርቁት ስሕተቱ ወደ 1.4 በመቶ ይወርዳል። በሁለት ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ጥቂት በመቶ ስለሚሆን ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ራቁና በሌንስ አቅርቡ። ስልክ ከሆነ ሁለተኛውን የማቅረቢያ ሌንስ ተጠቀሙ እንጂ በሰፊው ሌንስ ተጠግታችሁ አታንሡ፤ ሰፊው ሌንስ ጠርዙን ያጎብጣል። አጥንቱ በፎቶው መካከለኛ ግማሽ ውስጥ ይሁን።

አጥንቱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያጋድላል፤ የመጋጠሚያው ጫፍ ወደ ውስጥ የዞረ ነውና። ትሪ ላይ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ አንጥፋችሁ አጥንቱን ቅበሩበት፤ የውጭ ጎኑ ወደ ላይ፣ ገጹ ከውሃ ልክ ጋር ትይዩ እስኪሆን አስተካክሉት። የካሜራውም አቀማመጥ በውሃ ልክ ይፈተሽ።

ማስመሪያው ጠረጴዛው ላይ አይተኛ። የክብሪት ቀፎ ደርድራችሁ ከአጥንቱ ገጽ ጋር እኩል ከፍታ ላይ አስቀምጡት፤ አለዚያ የላይኛውን ስሌት ስሕተት ወደ መጠኑ ትጨምሩታላችሁ። ብርሃኑ ከመስኮት የሚገባ የደመና ብርሃን ይሁን። ቀጥተኛ ፀሐይ የሚጥለው ጥላ የአገጭ ቀዳዳውን (ከአገጩ ጎን ያለውን ትንሽ የነርቭ ቀዳዳ) ጠርዝ ይሸፍናል።

የፋይሉ ስም መረጃውን ሁሉ ይሸከም። በደወ4017 ማለት በግ፣ ደጋ፣ ወንድ፣ አራት ጥንድ ቋሚ የፊት ጥርስ፣ ቁጥር 17 ነው። ኮምፒዩተር ላይ በላቲን ፊደልና በቁጥር፣ ያለ ክፍተት ጻፉት፤ አሮጌ ፕሮግራሞች በግዕዝ ፊደል ስም ሊደናገሩ ይችላሉ። የፊደሉ ብዛትና ቅደም ተከተል በሁሉም ፋይል አንድ ይሁን፤ በኋላ ሶፍትዌሩ ቡድኖቹን የሚለየው «የመጀመሪያው ፊደል ዝርያ ነው፣ ሁለተኛው መነሻ ነው» ብለን ስንነግረው ነው።

ነጥቦቹ

ጥሩ ነጥብ ማለት በበጉም በፍየሉም ያለ፣ ትርጉሙ አንድ የሆነ፣ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው የምታገኙት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የዚህ ዘዴ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ ፍሬድ ቡክስታይን ነጥቦችን በሦስት ዓይነት መድቧቸዋል። አንደኛው ዓይነት ሁለት ነገሮች የሚገናኙበት ነው (ጥርስና አጥንት፣ አጥንትና አጥንት)፤ በጣም አስተማማኝ ነው። ሁለተኛው የጠርዝ ጫፍ ወይም ጥልቅ ቦታ ነው። ሦስተኛው «ከሁሉ ሩቅ የሆነው» ተብሎ የሚገለጽ ነው፤ አጥንቱ ትንሽ ቢዞር ነጥቡም ይዞራል። ሦስተኛውን በተቻለ መጠን ሽሹ።

ለመንጋጭላው አሥራ አንድ ነጥብ እንጠቀማለን። ቅደም ተከተሉ በሁሉም ፎቶ አይቀየርም።

1. የመጨረሻው የፊት ጥርስ ጉድጓድ የኋላ ጠርዝ።
2. የአገጭ ቀዳዳ የኋላ ጠርዝ። ከአንድ በላይ ቀዳዳ ከታየ ትልቁን ውሰዱ።
3. የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ጉድጓድ የፊት ጠርዝ።
4. በሦስተኛውና በአራተኛው መንጋጋ መካከል፣ አጥንቱ ጠርዝ ላይ።
5. በአምስተኛውና በስድስተኛው መካከል፣ እንዲሁ።
6. የስድስተኛው መንጋጋ ጉድጓድ የኋላ ጠርዝ።
7. ወደ ላይ የሚወጣው ቀጭን ጫፍ (ኮሮኖይድ) ጫፉ።
8. በዚህ ጫፍና በመጋጠሚያው ራስ መካከል ያለው ሸለቆ ጥልቁ ቦታ።
9. የመጋጠሚያው ራስ (ኮንዳይል) የላይ የኋላ ጠርዝ።
10. ከኮንዳይሉ በታች የኋላው ጠርዝ በጣም ወደ ውስጥ የገባበት።
11. በታችኛው ጠርዝ ላይ የፊት የደም ሥር የሚያልፍበት ጎድጎድ ጥልቁ ቦታ።

የመንጋጭላው ማዕዘን፣ ማለትም ከኋላ ታች ያለው ክብ ክፍል፣ የለበትም። ብዙ ሰው «በጣም የወጣው ቦታ» ብሎ አንድ ነጥብ ይተክልበታል። ክብ ነገር ግን ጫፍ የለውም። ዛሬ እዚህ፣ ነገ 3 ሚሊ ሜትር ወደዚያ ይሆናል። ማዕዘኑን ከፈለጋችሁ ከነጥብ 10 እስከ ነጥብ 11 ያለውን ጠርዝ እንደ ኩርባ ሳሉና በላዩ ላይ እኩል ርቀት ያላቸው ተንሸራታች ነጥቦች (ሶፍትዌሩ በኩርባው ላይ ወዲያ ወዲህ የሚያስጠጋቸው ረዳት ነጥቦች) አድርጉ። ከኩርባው አሥር ነጥቦች ብታወጡ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ራሳቸው ነጥብ 10 እና 11 ስለሆኑ አጥፏቸው፤ 8 ይቀራሉ። ካልጠፉ ሁለቱ ቦታዎች ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ። ስምንቱ ከ12 እስከ 19 ይቆጠራሉ፤ የመንሸራተቻው ሠንጠረዥ «በፊቱ፣ ተንሸራታቹ፣ በኋላው» እያለ ይሄዳል፦ 10-12-13፣ 12-13-14፣ እስከ 18-19-11።

ለመጀመሪያ ሥራ ግን ኩርባውን ተዉት። ሞርፎጄ (MorphoJ) የተባለው ሶፍትዌር ተንሸራታች ነጥብ አያንሸራትትም፤ ለዚያ ቲፒኤስሬልው (tpsRelw) ወይም አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ጂኦሞርፍ (geomorph) ያስፈልጋል። በአሥራ አንዱ ነጥብ መንገዱን ከለመዳችሁ በኋላ ትጨምሩታላችሁ።

ነጥብ መትከል

የጄምስ ሮልፍን ቲፒኤስዩቲልና (tpsUtil) ቲፒኤስዲግ 2 (tpsDig2) ጫኑ፤ በዊንዶውስ ይሠራሉ። በቲፒኤስዩቲል ፎቶዎቹ ካሉበት ፎልደር ባዶ የቲፒኤስ ፋይል (የነጥቦቹን አቀማመጥ የሚይዝ የጽሑፍ ፋይል) ፍጠሩ። ከዚያ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት በዚያው ፕሮግራም የፎቶዎቹን ቅደም ተከተል በዘፈቀደ አደበላልቁ። በጉን ሁሉ መጀመሪያ፣ ፍየሉን ሁሉ ቀጥሎ ከተከላችሁ እጃችሁ በመሀል እየተለማመደ ይሄዳል፤ የእጃችሁ ለውጥ የዝርያ ልዩነት መስሎ ይወጣል። ለዚሁ ምክንያት ነጥቡን የሚተክለው ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን።

በቲፒኤስዲግ ልኬቱን ለእያንዳንዱ ፎቶ ለየብቻ አስገቡ። በማስመሪያው ላይ 10 ሳይሆን 100 ሚሊ ሜትር ውሰዱ፤ የጠቅታ ስሕተቱ ያው ነው፣ በአሥር እጥፍ ርዝመት ላይ ሲከፋፈል ግን ይሟሟል። አንድ ፎቶ ልኬት ሳይገባለት ካለፈ መጠኑ በፒክስል ይቀራል። በመቶዎች ከሚቆጠሩት መሀል ሺዎች የሚል ሴንትሮይድ ሳይዝ ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው። ፎቶውን አጉልታችሁ ትከሉ። በየአሥር ፎቶው አስቀምጡ፤ መብራት ሳያስታውቅ ነው የሚሄደው።

ግማሹን በቲፒኤስዲግ፣ ግማሹን በሌላ ፕሮግራም አትትከሉ። ቲፒኤስዲግ ቁመትን ከታች ወደ ላይ ይቆጥራል፤ ሌሎቹ ብዙዎቹ ከላይ ወደ ታች። ከተቀላቀሉ ግማሹ መንጋጭላ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ይመጣል።

ስሕተቱን መለካት

ይህን ክፍል የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ አትዝለሉ። ከ80ው 20 አጥንት ምረጡ። ከአሸዋው አውጥታችሁ፣ እንደገና አስቀምጣችሁ፣ እንደገና ፎቶ አንሥታችሁ፣ በሌላ ቀን ነጥብ ትከሉ። ያንኑ ፎቶ ሁለት ጊዜ መትከል የእጅን ስሕተት ብቻ ይነግራል፤ የአጥንቱን አጋደል አይነግርም፤ ብዙ ጊዜ የሚበልጠው ደግሞ እሱ ነው።

በሞርፎጄ ፕሮክረስተስ አኖቫ (ልዩነትን በየምንጩ የሚከፋፍል ስሌት) ሲሠራ ሁለት አማካይ ካሬ፣ ማለትም የልዩነት መለኪያ፣ ይሰጣችኋል፦ የእንስሳት ልዩነትና የስሕተት። ለምሳሌ የመጀመሪያው 0.00021፣ ሁለተኛው 0.00001 ቢሆን፣ ልዩነታቸው ለሁለት ሲካፈል (እያንዳንዱ አጥንት ሁለት ጊዜ ስለተለካ) 0.0001 ይሆናል። ይህን 0.0001 ለራሱና ለስሕተቱ ድምር፣ ማለትም ለ0.00011 ስታካፍሉ 0.91 ታገኛላችሁ፤ ከልዩነቱ 91 በመቶው የእንስሳው እንጂ የስሕተቱ አይደለም ማለት ነው። እኛ ከ0.90 በታች የሆነውን ሥራ አንቀበልም። ዝቅ ካለ የትኛው ነጥብ እንደሚዋዥቅ ፈልጉ። ስምንትና አሥር የተለመዱ ጥፋተኞች ናቸው፤ ሁለቱም በአጥንቱ አቀማመጥ ላይ ይመካሉ።

ትንተናው

የክሪስቲያን ክሊንገንበርግን ሞርፎጄ ክፈቱ። አዲስ ፕሮጀክት ፍጠሩ፣ ሁለት ልኬት መሆኑን ምረጡ፣ የቲፒኤስ ፋይሉን አስገቡ። ፕሮክረስተስን አስኪዱ፣ ከፋይሉ ስም ቡድኖቹን አውጡ፣ ከዚያ ወዲያው ወጣ ያሉትን ፈልጉ የሚለውን ክፈቱ። ከሌሎች በጣም የራቀ አጥንት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሁለት ነጥቦች ቦታ መለዋወጣቸው ነው፤ እዚያው መስኮት ላይ ይስተካከላል። ነጥቦቹ ትክክል ሆነው አጥንቱ ብቻ ለየት ካለ አታውጡት፤ ተፈጥሮ እንዲህም ትሠራለች።

ሞርፎጄ የጎደለ ነጥብ አይቀበልም። አንድ ነጥብ የጎደለው አጥንት በጂኦሞርፍ ሊገመት ይችላል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከጎደለው ይቅር።

ቀጥሎ መጠንን አስሉ። ቅርጹን በሎግ ሴንትሮይድ ሳይዝ ላይ ሪግሬሽን አድርጉና (ቅርጹ ከመጠኑ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ በመስመር የሚያሳይ ስሌት ነው) ከቅርጹ ልዩነት ስንት በመቶው በመጠን እንደሚገለጽ እዩ። ትልቅ መንጋጭላ የትንሹ ግልባጭ አይደለም፤ ሲያድግ ቅርጹም ይለወጣል። የሁለቱ ዝርያ መስመሮች ትይዩ ከሆኑ ብቻ ነው የመጠኑን ድርሻ በአንድ ላይ ቀንሶ ቀሪውን ማወዳደር የሚቻለው። ትይዩ ካልሆኑ «በግና ፍየል የሚያድጉበት መንገድ ይለያያል» የሚለው ራሱ ግኝት ነው፤ ቀንሳችሁ አትደብቁት።

ከዚያ ዋና ክፍሎች ትንተና፣ በተለምዶ ፒሲኤ፤ የቅርጹን ልዩነት ከትልቁ ጀምሮ በአቅጣጫ ይከፋፍለዋል፣ ትልቁን የያዘው ፒሲ 1 ይባላል። በሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ እንስሳ አንድ ነጥብ ነው፤ እነዚህ ነጥቦች በዝርያ፣ በመነሻ፣ በጾታ ቀለም ተቀብተው ሦስት ጊዜ ይታዩ። ፒሲ 1 ዝርያን ይለያል ብሎ የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ዕድሜን ወይም የአጥንቱን ማጋደል ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሁለት ጊዜ ፎቶ የተነሡት 20 አጥንቶች ጥንድ ፎቶዎቻቸው በፒሲ 1 ላይ ከተራራቁ ያያችሁት አሸዋውን እንጂ እንስሳውን አይደለም።

በመጨረሻ የመለያ ትንተና፣ ማለትም እንስሳትን ወደ ቡድናቸው የሚመድበው። እዚህ ላይ የሚያማልል ወጥመድ አለ። አሥራ አንድ ነጥብ 22 ቁጥር ይሰጣል፤ ፕሮክረስተስ አራቱን (ሁለት ለማዕከሉ፣ አንድ ለመጠኑ፣ አንድ ለማዞሩ) ስለሚወስድ 18 የቅርጽ ተለዋዋጭ ይቀራል። በየቡድኑ ያለው እንስሳ ከዚህ ብዙ ካልበለጠ፣ በዘፈቀደ የተከፈለ አንድ መንጋ እንኳ በሥዕሉ ላይ ሁለት የተለያየ መንጋ መስሎ ይወጣል። በዕቅዳችን ከየዝርያው 40 የሆነው ለዚህ ነው። ስምንቱን ተንሸራታች ስትጨምሩ ተለዋዋጩ 26 ይደርሳል፤ በኩርባው ላይ ስለሚንሸራተቱ እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት አንድ ብቻ ነው። የሥዕሉን ውበት ትታችሁ፣ አንዱን እንስሳ እያወጡ በቀሪዎቹ የሚመድበውን ፈተና ተመልከቱ፤ ሪፖርት የሚደረገው የዚያ ቁጥር ነው። የፐርሙቴሽኑ (ቡድኖቹን በዘፈቀደ እያደባለቀ ልዩነቱ የአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን የሚፈትነው ስሌት) ድግግሞሽ 1000 ይሁን።

ልዩነቱን በሥዕል ስታሳዩ «ነጥብ 7 ወደ ላይ ሄደ» አትበሉ። ፕሮክረስተስ የአንዱን ነጥብ ለውጥ ለሁሉም ያከፋፍላል፤ ረዥም አፍንጫ ብቻ ያለው ሰው መላ ፊቱ የተለወጠ መስሎ እንደሚወጣ ማለት ነው። «ኮሮኖይዱ ከጥርሶቹ አንጻር ከፍ ይላል» በሉ፤ ንጽጽሩ ሁልጊዜ በነጥቦች መካከል ነው። ሥዕሉ የተጋነነ ከሆነ ማጉያው ስንት እንደሆነ ከሥሩ ይጻፍ።

ግመል ቢጨመርስ?

ከባቲ ገበያ አጠገብ ላለ ሰው ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። ግመል በመንጋጭላው ጀርባ፣ ከኮንዳይሉ በታች፣ መንጠቆ መሰል ጉጥ አለው፤ በግና ፍየል የላቸውም። ስለዚህ በዚያ ጉጥ ላይ ነጥብ መትከል አይቻልም፤ ተጓዳኝ በሌለው ነገር ላይ ማወዳደር የለምና። ነጥብ 10 በግመል ላይ ትርጉሙ ስለሚቀየር ይወጣል። መንጋጋ ጥርሶቹም በቁጥር ስለማይገጥሙ ከፊት እየቆጠሩ መትከል አይሠራም፤ ከኋላ፣ ከመጨረሻው ጥርስ ጀምሮ ይቆጠር። ዝርያው በራቀ ቁጥር አብረው የሚሠሩ ነጥቦች ይቀንሳሉ። አሥራ አንዱ ወደ ስድስት ከወረደ መንጋጭላውን ትታችሁ ለሦስቱም የሚሆን ሌላ አጥንት ፈልጉ፤ ቁርጭምጭሚት ጥሩ ዕጩ ነው፤ ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ መጥረቢያም ብዙ አይጎዳውም።